ህብለ ሰረሰር ገመድ ብቻ አይደለም፦ "ሽባው ተራመደ" የሚለው ዜና ለማን እንደሚሰራ የሚወስነው ግራጫው ክፍል

ወገቡ ተጎድቶ ለዓመታት ዊልቸር ላይ የነበረ ሰው በኤሌክትሪክ ታግዞ ቆሞ ሲራመድ የሚያሳዩት ቪዲዮዎች በቴሌግራምም በቲክቶክም እየዞሩ ነው፣ እና በተላኩ ቁጥር የሚከተለው ጥያቄ ያው ነው። አንዱ "ወንድሜ በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት ነው፣ ለሱ ይሆናል ወይ" ይላል፣ ሌላዋ "አባቴን ጓያ ሰብሮት ነው በሁለት ዱላ የሚሄደው" ትላለች፣ ሌላው ደግሞ መኪና ገጭቶት ከደረት በታች አልንቀሳቀስ ስላለው ጓደኛው ይጠይቃል። ከውጪ ለሚያይ ሰው ሶስቱም እግራቸው እምቢ ያላቸው ሰዎች ናቸው፣ ስለዚህ አንድ ማሽን ለአንዱ ከሰራ ለሁሉም ይሰራል ብሎ ማሰብ ያለ ነው። ግን ለሶስቱም የሚሰጠው መልስ የተለያየ ነው፣ የሚለያቸውም ነገር በህብለ ሰረሰር መሀል ላይ ያለው ግራጫ ክፍል፣ ሀኪሞች ግሬይ ማተር የሚሉት፣ ሞቷል ወይስ በህይወት አለ የሚለው ነው። ዜናውን የሚሰሩት ሰዎች ይሄን ስለማይነግሩን ነው እንግዲህ ይሄን ጽሁፍ መጻፍ ያስፈለገው። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።)

መጀመሪያ ቦታውን እንያዝ። ህብለ ሰረሰር ስንል የአከርካሪውን አጥንት ማለታችን አይደለም፣ አጥንቶቹ ተደራርበው በሚሰሩት ቱቦ ውስጥ የሚወርደውን ለስላሳ ነገር ነው። አዋቂ ሰው ላይ ርዝመቱ ከ42 እስከ 45 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ውፍረቱ ደግሞ ከአንድ ሴንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። ብዙ ሰው እስከ መቀመጫ ድረስ የሚወርድ ይመስለዋል፣ አይወርድም፣ የመጀመሪያውና የሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ሲደርስ ያልቃል፣ ከዛ በታች ያለው ወደ እግር የሚሄዱ የነርቭ ስሮች ጥቅል ብቻ ነው። ይሄን ማወቅ ሁለት ነገር ያቀላል። አንደኛ በኦፕራሲዮን የምትወልድ ሴት ወገቧ ላይ የምትወጋው የማደንዘዣ መርፌ ብዙ ጊዜ ሶስተኛውና አራተኛው የወገብ አጥንት መሀል ነው የሚገባው፣ እዛ ጋር ህብለ ሰረሰር የሚባል ነገር የለም፣ ስለዚህ "መርፌው ህብለ ሰረሰሬን ወጋው" የሚለው ፍርሀት ቦታውን የሳተ ነው። ሁለተኛ "ዲስኬ ተንሸራተተ" የሚሉን ሰዎች አብዛኞቹ የታችኛው ወገብ ላይ ነው ችግራቸው፣ እሱም የሚጫነው የነርቭ ስሩን እንጂ ግራጫውን ክፍል አይደለም።

አሁን ይሄን ለስላሳ ነገር አግድም ቁረጡትና ከላይ እዩት። መሀሉ ላይ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ የምትመስል ቅርጽ አለች፣ አንዳንዱ ኤች ፊደልን ትመስላለች ይላል፣ እሷ ናት ግሬይ ማተር። ዙሪያዋን የከበበው ነጩ ክፍል ነው። ነጩ ነጭ የሆነው ከአንጎል ወደ ታች የሚወርዱትና ከታች ወደ አንጎል የሚወጡት ረጃጅም የነርቭ ክሮች በስብ ስለተጠቀለሉ ነው። ግራጫው ውስጥ ያሉት ግን ራሳቸው የነርቭ ሴሎቹ ናቸው፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር የሚያገናኟቸው አጫጭር ክሮችም አብረው አሉ። አንጎል ላይ ግራጫው ከላይ ነጩ ከውስጥ ነው፣ እዚህ ጋር ተገልብጧል። ደግሞ ግራጫ የሚለው ስም በፎርማሊን ከተቀመጠ ናሙና የመጣ ሳይሆን አይቀርም እንጂ በህይወት ያለ ሰው ላይ ወደ ሮዝ የሚያደላ ነው፣ ምክንያቱም የደም ስሩ ብዛት ለብቻው ነው። ደም ስለሚበላም ደም ሲቋረጥበት ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው፣ ከፊት ለፊት ያለውን ሁለት ሶስተኛ የሚመግበው ደግሞ አንድ ቀጭን የደም ቧንቧ ብቻ ነው፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ (አኦርታ) ላይ ኦፕራሲዮን የሚሰሩ ሰርጀኖች አንዱ ትልቅ ጭንቀታቸው ይሄ ነው።

ቢራቢሮዋ ከላይ እስከ ታች አንድ አይነት አይደለችም። የህክምና ተማሪዎች ማይክሮስኮፕ ስር የተቆረጠ ስላይድ ይሰጣቸውና "ይሄ ከየት ነው" ተብለው ይፈተናሉ፣ አይተው ነው የሚለዩት። አንገት አካባቢ ፊተኛው ክንፍ ሰፊና ወደ ጎን የተዘረጋ ነው፣ እጅንና ጣትን የሚያንቀሳቅሱ ሴሎች እዛ ስለታጨቁ፣ ዙሪያው ያለው ነጭም ብዙ ነው፣ ለመላ ሰውነት የሚያልፈው ክር ሁሉ በዛ ስለሚያልፍ። ደረት ጋር ሲደርስ ክንፎቹ ይቀጥናሉ፣ የጎድን አጥንት መሀል ያለ ጡንቻን ለማንቀሳቀስ ብዙ ሴል አያስፈልግማ። ወገብ ጋር ለእግር ሲባል እንደገና ይወፍራል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ነጩ ተንጠፍጥፎ አልቆ ሊቀር ምንም አይቀረውም፣ ግራጫው ብቻውን የቀረ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ጉዳት የደረሰበት ሰው "የት ቦታ ነው የተመታው" ተብሎ ሲጠየቅ ጥያቄው ቀላል አይደለም፣ ሁለት ሴንቲሜትር ወደላይ ወይ ወደታች ማለት ጣት ማንቀሳቀስ ወይ አለማንቀሳቀስ ማለት ሊሆን ይችላል።

ይሄን ግራጫ ክፍል በስርዓት የከፋፈለው ብሮር ሬክሴድ የሚባል ስዊድናዊ ነው፣ በ1952 የድመት ህብለ ሰረሰር ላይ ሰርቶ አስር ድርብርብ ብሎ ቁጥር ሰጠው፣ እስካሁን የምንጠቀመው የሱን ቁጥር ነው። ሰውዬው በኋላ የስዊድን የጤና መስሪያ ቤት ሀላፊ ሆነና በ1967 ሰራተኛውን ሁሉ "አንተ" እያልኩ ነው የምጠራችሁ፣ እናንተም እንደዛው በሉኝ ብሎ አወጀ፣ ስዊድን ውስጥ አንቱታ ከቀረበበት ለውጥ ጋር ስሙ የሚነሳው ለዚህ ነው። እኛ ጋር ቢሆን ስንቱ ሀላፊ ይሄን ይደፍራል፣ እሱን ተዉት። ለኛ ጉዳይ አስሩን ድርብርብ መሸምደድ አያስፈልግም፣ ሶስት ቦታ ይበቃናል፣ ኋለኛው ቀንድ፣ የጎኑ ቀንድ፣ ፊተኛው ቀንድ። ሀኪሞቹ ክንፎቹን ቀንድ ነው የሚሏቸው።

ኋለኛው ቀንድ ተቀባይ ነው። ከቆዳ፣ ከጡንቻ፣ ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ወሬ ሁሉ በጀርባ በኩል ባለው ስር ይገባና እዛ ያርፋል ወይ በጎኑ ያልፋል። ህመምና ሙቀት ግን እዛው ነው ሴል የሚቀይሩት፣ ላይኛው ድርብርብ ላይ። እዛ ጋር ዝም ብሎ ማስተላለፍ ብቻ አይደለም ያለው፣ ማጣራትም አለ፣ ሜልዛክና ዎል የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1965 የህመም በር የሚል ሀሳብ ያመጡት ስለዚህ ቦታ ነው፣ ክርናችሁን በር ሲመታችሁ ወዲያው እያሻሻችሁ የሚቀልላችሁ ከንክኪ የሚመጣው መልእክት የህመሙን መልእክት እዛ ጋር ስለሚያዳክመው ነው። የሀሳቡ ዝርዝር ብዙ ተስተካክሏል፣ ህመም አንጎል ሳይደርስ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ይወሰንበታል የሚለው ግን ጸንቷል። ሞርፊን ከሚሰራባቸው ዋና ቦታዎች አንዱም እዚሁ ነው። አልማዝ ባለጭራ የወጣባቸው ሰዎች ደግሞ የዚህን ጎረቤት በደንብ ያውቁታል፣ ቫይረሱ ለዓመታት ተደብቆ የሚኖረው ወደ ኋለኛው ቀንድ ከሚገባው ስር ላይ ባለች የነርቭ ሴሎች ቋጠሮ ውስጥ ነው፣ ሲነሳ በዛች ስር ክልል ብቻ ስለሚሄድ ነው ሽፍታው በአንድ ጎን እንደ ቀበቶ የሚወጣው፣ ሽፍታው ጠፍቶ ህመሙ ወራት የሚቆየው ደግሞ የስሩም የቀንዱም ሴሎች ስሜታቸው ስለሚበላሽ ነው።

የጎኑ ቀንድ ትንሽ ናት፣ ከደረት መጀመሪያ እስከ ወገብ መጀመሪያ ድረስ ብቻ ነው የምትታየው። የደም ግፊት፣ ላብ፣ የልብ ምት የሚቆጣጠሩት ሴሎች እዛ ናቸው፣ ከሷ ርቆ የህብለ ሰረሰሩ ታች ጫፍ አካባቢ ደግሞ የሽንትና የሰገራ የሆኑት ተመሳሳይ ሴሎች አሉ። በቪዲዮ የሚታየው እግር ብቻ ስለሆነ ማንም አያወራላትም እንጂ ወገቡ የተጎዳ ሰው ቤት ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ቅድሚያ ልትሰጧት የሚገባው ይቺ ናት። ምክንያቱም ጉዳቱ ከደረት ስድስተኛው ክፍል በላይ የሆነበት ሰው ፊኛው ሲሞላ ወይ የሽንት ቱቦው ሲታጠፍ፣ ወይ ሰገራ ሲደርቅበት፣ ከጉዳቱ በታች ያሉት እነዚህ ሴሎች የላይኛው ተቆጣጣሪ ስለሌላቸው ብቻቸውን ይነሱና የደም ስሩን ሁሉ ያጠባሉ፣ ግፊቱ በደቂቃ ውስጥ ይተኮሳል፣ ሰውዬው ራሱን ይወቅረዋል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ከአንገቱ በላይ ያልበዋል። እንዲህ ሲሆን አታስተኙት፣ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ጠበቅ ያለ ልብስ ፍቱለት፣ ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ እዩ፣ ካልቀለለው ሀኪም ቤት ሩጡ፣ ለሀኪሙም ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ መሆኑን ቀድማችሁ ንገሩት፣ አለዚያ እንደ ተራ ግፊት ሊያየው ይችላል። አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ የሚችል ነገር ነው፣ ቀልድ አይደለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፣ ፊተኛው ቀንድ። ጡንቻን በቀጥታ የሚያዙት ሴሎች፣ ሞተር ኒውሮን የሚባሉት፣ እዚህ ናቸው የተቀመጡት፣ እንደፈለጉም አይደለም የተቀመጡት፣ ወደ መሀል ያሉት የጀርባና የሆድ ጡንቻ ናቸው፣ ወደ ውጪ ያሉት የእጅና የእግር። አንጎል ምንም ያህል ቢያዝ ትእዛዙ መጨረሻ ላይ በነዚህ ሴሎች በኩል ካልሆነ ጡንቻ ጋር አይደርስም፣ ሌላ መንገድ የለም። እንግሊዛዊው የነርቭ ተመራማሪ ሼሪንግተን ከመቶ ዓመት በፊት የመጨረሻው የጋራ መንገድ ብሎ የጠራቸው ለዚህ ነው። አንገት ላይ ከሶስተኛው እስከ አምስተኛው ክፍል ያሉት ደግሞ ዲያፍራምን የሚያንቀሳቅሱ ናቸው፣ ማለትም እስትንፋስ ራሱ የነሱ ነው።

ፖሊዮ፣ የልጅነት ልምሻ፣ የሚገድለው እነዚህን ነው። ቫይረሱ በአፍ ይገባል፣ አንጀት ውስጥ ይራባል፣ ከሚይዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ መያዛቸውን እንኳን አያውቁም፣ ከ200 አንዱ ላይ ግን ነርቭ ውስጥ ይገባና የፊተኛውን ቀንድ ሴሎች መርጦ ይጨርሳል። ኋለኛውን ቀንድ አይነካም፣ ለዛ ነው ፖሊዮ የያዘው እግር አይንቀሳቀስም እንጂ ስትነኩት ይሰማዋል፣ ስትቆነጥጡት ያመዋል። ሴሉ ሲሞት ጡንቻው ባለቤት አልባ ይሆንና ይከሳል፣ እግሩ ይቀጥናል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ይቀዘቅዛል። የእስትንፋሱ ሴሎች ከተመቱ ደግሞ ሰውዬው ይታፈናል፣ በ1952 ኮፐንሀገን ላይ ወረርሽኙ ሲበረታ ማሽን ስላልበቃ ብዮርን ኢብሰን የሚባል ሀኪም የልጆቹን ጉሮሮ እየበሳ ቱቦ አስገብቶ ከ1000 በላይ የህክምና ተማሪዎች በፈረቃ ቀንና ሌሊት በእጃቸው አየር እየነፉላቸው ነው ብዙዎቹን ያተረፏቸው፣ ዛሬ አይሲዩ የምንለው ክፍል ከዛ ነው የመጣው።

እነዚሁን ሴሎች የሚያጠፉ ሌሎችም አሉ። ኤስኤምኤ የሚባለው በዘር የሚተላለፍ በሽታ ነው፣ ከ10,000 ህጻን አንዱ ገደማ ይዞት ይወለዳል፣ ኤስኤምኤን1 የሚባለው ጂን ስለሚጎድል ሴሎቹ የሚኖሩበትን ፕሮቲን አያገኙም፣ ከባዱ አይነት ካለህክምና ህጻኑን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው ብዙ ጊዜ የሚገድለው። ኤኤልኤስ ደግሞ፣ የፊዚክስ ሊቁን ስቴፈን ሆኪንግን በ21 ዓመቱ የያዘው፣ አንጎል ያሉትንም ፊተኛው ቀንድ ያሉትንም አብሮ ነው የሚበላው፣ የሚገርመው ግን ታችኛው ጫፍ ላይ ሽንትና ሰገራን የሚይዙትን ጥቂት ሴሎች ብዙውን ጊዜ ይተዋቸዋል፣ በሽተኛው እጁን ማንሳት አቅቶት ሽንቱን ግን ይቆጣጠራል።

ጓያ ፍጹም ሌላ ነው፣ እኛ አገር ግን ከፖሊዮ ጋር ሲደባለቅ ይሰማል። ጓያ ድርቅም ውሃም የሚችል እህል ነው፣ ሌላው ሰብል ሲከሽፍ እሱ ብቻ ይቀራል፣ ችግሩ የሚመጣውም ያኔ ነው፣ ቤተሰቡ ለወራት ሽሮውም ቂጣውም ንፍሮውም ጓያ ብቻ ሲሆን። ውስጡ ያለው መርዝ ኦዳፕ ይባላል፣ እሱ የሚመታው በዋናነት ከአንጎል ወደ እግር የሚወርዱትን ረጃጅም ክሮች ነው፣ ማለትም ነጩን ክፍል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወሎ ደላንታ ዳውንት ላይ ከ2000 በላይ ሰው በአንዴ የተጎዳበት ወረርሽኝ ነበር፣ ከዛ በፊትም ጎንደር ደንቢያና ፎገራ ታይቷል፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ብዙ የሰሩበት ጉዳይ ነው። ነገሩ የኛ ብቻም አይደለም፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቫፕኒያርካ የሚባል ሮማኒያዎች የሚያስተዳድሩት ካምፕ ውስጥ የታሰሩ አይሁዶች ጓያ እየተሰጣቸው በመቶ የሚቆጠሩት እግራቸው ተያዘ፣ የተረፉት በኋላ እስራኤል ገብተው ለአስርት ዓመታት በሀኪሞች ሲታዩ ኖረዋል።

ልዩነቱን ለማየት ኤምአርአይ እንኳን አያስፈልግም፣ የጎማ መዶሻ ይበቃል። ሀኪሙ ከጉልበት በታች ያለውን ጅማት መታ ሲያደርግ ጡንቻው ይሳባል፣ መልእክቱ በኋለኛው ስር ይገባል፣ ግራጫው ውስጥ በቀጥታ ፊተኛው ቀንድ ያለውን ሴል ያገኛል፣ ሴሉ ያዛል፣ እግር ይወነጨፋል። አንጎል የለበትም። ፖሊዮ የመታው እግር ላይ መዶሻው ቢያርፍ ዝም ነው፣ የሚያዘው ሴል ሞቷላ። ጓያ የሰበረው ሰው ላይ ግን እግሩ ከልክ በላይ ይወነጨፋል፣ የእግሩን ፊት ወደላይ ገፋ ስታደርጉት ደግሞ ለብቻው እየተርገበገበ አልቆም ይላል። ሴሎቹ በህይወት አሉ፣ ከላይ ሆኖ ቀስ በሉ የሚላቸው ግን ተቋርጧል። ለዚህ ነው ጓያ የሰበረው ሰው እግሩ የማይቀጥነው፣ ግትር ብሎ ጉልበቶቹ እየተሻሹ እንደ መቀስ እየተጠላለፉ በጣቱ የሚሄደው፣ መጀመሪያ ካለዱላ፣ ከዛ በአንድ፣ ከዛ በሁለት፣ የባሰበት ደግሞ በእጁ እየዳኸ። መኪና የገጨውም ሰው ነገሩ ለዚህ ይቀርባል፣ አጥንቱ የጨፈለቀው ቦታ ላይ ነጩም ግራጫውም ይሞታል፣ ከዛ በታች ያለው ግራጫ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ነው፣ ትእዛዝ የሚያመጣለት ጠፍቶ የተቀመጠ ነው።

እና ይሄ የተቀመጠው ግራጫ ምን ያውቃል? ዶሮ ያረደ ሰው ሁሉ መልሱን አይቶታል። አንገቷ ከተቆረጠ በኋላ ተነስታ ትሮጣለች፣ ክንፏን ታራግባለች፣ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ። ያንን የሚያደርገው አንጎል አይደለም፣ አንጎሏ ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ እርምጃ እንዴት እንደሚፈራረቅ የሚያውቀው ህብለ ሰረሰሯ ውስጥ ያለው ግራጫ ነው። ግራሃም ብራውን የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1911 ድመት ላይ አሳየው፣ ከአንጎል ቆርጦት፣ ከእግሯ የሚመጣውንም ስሜት ቆርጦት፣ ፍርርቁ ግን ቀጠለ። ይሄ ግኝት ለብዙ ጊዜ ሰው ላይ አይሰራም እየተባለ ዳር ተቀምጦ ነበር።

ከዛ በ2011 አሜሪካ ሉዊስቪል ላይ እነ ሱዛን ሃርኬማ መኪና ገጭቶት ከደረት በታች ሽባ የሆነ ወጣት ህብለ ሰረሰሩ ሽፋን ላይ ኤሌክትሮድ አስቀምጠው በራሱ እግር ቆመ። ስዊዘርላንድ ሎዛን ላይ ግሬጎር ኩርቲንና ሰርጀኗ ዦስሊን ብሎክ ነገሩን አራቀቁት፣ በ2018 ሶስት ሰው፣ በ2022 ደግሞ ዘጠኝ ሰው በልምምድና በስቲሙሌሽን (በኤሌክትሪክ በመቀስቀስ) እንደተሻሻሉ አሳተሙ፣ በ2023 አንጎል ላይ ያለን መሳሪያ ከወገብ ኤሌክትሮድ ጋር አገናኝተው አንድ ኔዘርላንዳዊ ሲያስብ እንዲራመድ አደረጉ። እዚህ ጋር ነው ዜናው የሚያሳስተን። ሁሉም "የተበጠሰው ተቀጠለ" ብሎ ነው የሚያወራው፣ ምንም አልተቀጠለም። ኤሌክትሪኩ የሚነካካው በዋናነት በኋለኛው ስር የሚገቡትን የስሜት ክሮች ነው፣ እነሱ ግራጫውን ይቀሰቅሱታል፣ ግራጫው ደግሞ የሚያውቀውን ስራ ይሰራል። ከላይ ጥቂት ክር እንኳን ተርፎ ከሆነ ቀድሞ ያልተሰማ ደካማ ትእዛዝ አሁን ይሰማል። ያው የ2022 ስራ ላይ አይጥ ላይ አይተው ግራጫው መሀል ያሉ አንድ አይነት ሴሎች ካልሰሩ መሻሻሉ እንደሚቀር አሳይተዋል፣ ቪዲዮው ላይ ቀልብ የሚስበው ማሽኑ ነው እንጂ ለኔ ትልቁ ወሬ ይሄ ነው።

በታህሳስ አካባቢ፣ በ2024 ማለቂያ ላይ፣ የአሜሪካው የመድሀኒትና የህክምና መሳሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ አርክ ኢኤክስ የሚባለውን መሳሪያ ፈቀደ። ይሄኛው ኦፕራሲዮን የለውም፣ አንገት ላይ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ነው። በጥናቱ 60 ሰው ነበረ፣ 72 በመቶው የእጃቸው ጉልበትም አጠቃቀምም ተሻሽሏል። ግን ልብ በሉ፣ ለእጅ ነው እንጂ ለመራመድ አይደለም፣ አንገታቸው ላይ ለተጎዱ፣ ጉዳታቸው ሙሉ ላልሆነ፣ እና ከልምምድ ጋር ነው። "መራመጃ ማሽን ተፈቀደ" ብሎ ያጋራው ሁሉ ዜናውን አላነበበም።

ስለዚህ ወደ ጥያቄዎቹ ስንመለስ መኪና የገጨው ጓደኛ ቢያንስ በመርህ ደረጃ ለነዚህ መሳሪያዎች የሚሆን ግራጫ አለው፣ እስከዛ ግን መጠበቅ ያለበት እሱው ግራጫና ጡንቻው ነው፣ ማለት መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ፣ መቀመጫው እንዳይቆስል፣ ኩላሊቱ በሽንት እንዳይበላሽ፣ ማሽኑ አገር ቤት ሲገባ ሰውነቱ ተበላሽቶ ከጠበቀው ምንም አይጠቅመውም። ጓያ የሰበራቸው አባት ግራጫቸው አለ፣ ችግራቸው ግትርነት ነው፣ ለሳቸው ዛሬ የሚጠቅመው ፊዚዮቴራፒና ጡንቻ የሚያላላ መድሀኒት ነው፣ ቤት ላሉት ልጆች ደግሞ ጓያ የግድ ከሆነ ቀቅሎ ውሃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል መርዙን ይቀንሳል። ፖሊዮ የያዘው ወንድም ነው ከባዱ። የሞተውን ሴል ኤሌክትሪክ አያስነሳውም። እዚህ ላይ ግን በር ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል ማለት አልደፍርም፣ ምክንያቱም በ2025 መጀመሪያ ፒትስበርግ ያሉ ተመራማሪዎች ኤስኤምኤ ያለባቸው ሶስት አዋቂዎች ላይ ስቲሙሌሽን ሞክረው አረማመዳቸው ተሻሽሏል፣ ፊተኛው ቀንድ ላይ ሳይሞቱ አቅም አጥተው የተቀመጡ ሴሎች እንዳሉ ነው የሚያሳየው። ሶስት ሰው ግን ሶስት ሰው ነው። ለወንድም የምነግረው ሌላ ነገር አለኝ፣ በልጅነቱ የተረፉት ሴሎች የሞቱትን ጡንቻ ተሻምተው ይዘው ነው የኖሩት፣ አንዱ ሴል የብዙውን ስራ ሲሰራ፣ እና ከ15 ዓመት፣ ከ30 ዓመት በኋላ ይደክማሉ፣ ደህና የነበረው እግር መዛል ይጀምራል፣ ይሄ ስንፍናም እርጅናም አይደለም፣ ፖስት ፖሊዮ ሲንድረም የሚባል ራሱን የቻለ ስም ያለው ነገር ነው፣ በግድ እየተለማመዱ ማድከም ያባብሰዋል።

ገንዘቡን ሳላነሳ አላልፍም። ለኤስኤምኤ አሁን ሶስት መድሀኒት አለ፣ በ2016 የተፈቀደው ኑሲነርሰን በወገብ መርፌ በየአራት ወሩ ይሰጣል፣ በ2019 የመጣው የጂን ህክምና ዞልገንስማ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ሲወጣ ዋጋው 2.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፣ በ2020 ደግሞ የሚጠጣ ተጨመረ። የፊተኛውን ቀንድ ሴል ለማትረፍ ይሄ ሁሉ ተከፍሎ ያንኑ ሴል ከፖሊዮ የሚያድነው ጠብታ ከአንድ ዶላር በታች ነው፣ እኛ ጋር ደግሞ አሁንም ክትባት ሰጪዎች በር ላይ ሲመጡ "ልጄ ባለፈው ወስዷል" ብሎ የሚመልስ ቤት አለ። ዋይልድ ፖሊዮ፣ ማለት ከክትባት ያልመጣው ተፈጥሯዊው ዝርያ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ2014 መጀመሪያ ሶማሌ ክልል ነው፣ አፍሪካም በ2020 ከሱ ነጻ ተብላለች፣ ከ2019 ወዲህ ግን ክትባት በደንብ ባልደረሰበት አካባቢ ሲዘዋወር ቆይቶ ጉልበት ያገኘው ታይፕ 2 የክትባት ዝርያ ልጆችን ሽባ ማድረጉ አገራችን ውስጥ ተመዝግቧል፣ ዘመቻው የሚደጋገመው ለሱ ነው፣ ባለፈው የወሰደ ልጅ ዛሬም ይውሰድ።

ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ድንገት እጁ ወይ እግሩ ከዛለ፣ ትኩሳት ይኑረው አይኑረው፣ "ወድቆ ነው" "ብርድ መቶት ነው" ብላችሁ ወጌሻ ጋር አትሂዱ፣ ትኩሳት ላይ እያለም መርፌ አታስወጉት፣ በፖሊዮ የተያዘ ልጅ ላይ መርፌው የተወጋው እግር ሽባ የመሆን እድሉ እንደሚጨምር ይታወቃል። ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ሰገራው ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ መወሰድ አለበት፣ ያውም መዛል ከጀመረ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከዛ ካለፈ ቫይረሱን የማግኘት እድሉ ይቀንሳል።